ሃምሳ ሎሚና አንድ ከረጢት ደም

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ሲባል የሰማ ሰው፣ ደቦና ዕድር ትዝ ይለዋል። አባባሉ ግን ሸክሙን ለማገዝ የሚመጣ ሰው ሁሉ እንኳን ደህና መጣህ እንደሚባል ወስዶ ነው የሚነሳው። ላግዝ ብሎ የመጣው ቢመለስስ?

የኢትዮጵያ ተወላጇ እስራኤላዊት ፖለቲከኛ የፕኒና ታማኖ ሻታ ሕይወት ይህን ጥያቄ ከነመልሱ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1981 ጎንደር አካባቢ ከቤተ እስራኤል (ከኢትዮጵያ አይሁድ) ቤተሰብ ተወለዱ። በሦስት ዓመታቸው ከአባታቸውና ከአምስት ወንድሞቻቸው ጋር በሱዳን በኩል፣ የኢትዮጵያ አይሁድን ወደ እስራኤል ባጓጓዘው ዘመቻ ሙሴ እስራኤል ገቡ። እናታቸው ግን ወደ ኋላ ቀርተው ልጆቻቸውን ያገኙት ከዓመታት በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ሸክም ሃምሳ ሰው ቢካፈለውም ጌጥ አይሆንም፤ አባባሉ እዚህ ላይ አጋንኗል።

ፕኒና ሕግ ተማሩ፣ በቴሌቪዥን ጋዜጠኝነት ሠሩ፣ በ2013 ደግሞ ከኢትዮጵያ ተወላጅ ሴቶች የእስራኤል ፓርላማ አባል በመሆን የመጀመሪያዋ ሆኑ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓርላማው ግቢ ውስጥ የደም ልገሳ ተዘጋጀ። እሳቸውም እንደ ሌላው ሰው ክንዳቸውን ሊሰጡ ሄዱ።

አልተቀበሏቸውም። ምክንያቱ የተወለዱበት አገር ነበር፤ የጤና ሚኒስቴሩ መመሪያ ኤች አይ ቪ በስፋት ይገኝባቸዋል ከተባሉ አገሮች የመጡ ሰዎችን ደም ያግድ ነበር። ሲከራከሩ፣ ደሙ ተወስዶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ለማንም አይሰጥም ተባሉ። የሚለገሰው ደም ሁሉ በየከረጢቱ እየተመረመረ፣ የሦስት ዓመት ሕፃን ሆነው የመጡ ሰው በትውልድ ቦታቸው መመዘናቸው ጥንቃቄ ለመባል ይከብዳል።

ቁስሉም አዲስ አልነበረም። በ1996 ከኢትዮጵያ የመጡ አይሁድ የለገሱት ደም ለዓመታት በስውር ሲደፋ መኖሩ ጋዜጣ ላይ ወጥቶ፣ ሺዎች ኢየሩሳሌም ላይ ለተቃውሞ ወጥተዋል። ሰዎቹ የተቆጡት ስጡ ስለተባሉ ሳይሆን የሰጡት ስለተጣለ ነው። እንግዲህ ሰው ሎሚውን እንዳይይዝ የከለከለ ማኅበረሰብ “ሸክሙ ከበደኝ” ብሎ ማማረር አይችልም።

ፕኒና ከተመለሱበት በር አልራቁም። በ2020 የስደተኞች መቀበያ ሚኒስትር ሆኑ፤ ኢትዮጵያ ተወልዶ እዚያ ለሚኒስትርነት የበቃ ከእሳቸው በፊት አልነበረም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ከኢትዮጵያ የተነሳ አውሮፕላን 316 ሰዎችን ይዞ እስራኤል ሲያርፍ፣ ሚኒስትሯም አብረው ነበሩ።