ስለ ተከሳሽና ስለ ጠበቃው

የሰው ልጅ በሁለት ፍርድ ፊት ይቆማል። አንደኛው ልብንና ኵላሊትን የሚመረምር የእግዚአብሔር ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው በአፍ ከተነገረውና በዓይን ከታየው በቀር ሌላ ሊያውቅ የማይችል የሰው ፍርድ ነው። የሁለቱ ልዩነት በተዘነጋ ጊዜ ብዙ ስሕተት ይወለዳል። ከእነዚህም አንዱ፥ ሰው መትተሃል ተብሎ ለተከሰሰ ሰው ጠበቃ መፈለግ ግፍን መርዳት ነው የሚለው አሳብ ነው። ይህን አሳብ መርምረን መልስ ልንሰጥበት ወደድን።

ነገሩ እንዲገለጥ በላስታ አገር እንመስለው። ከላሊበላ ከተማ በላይ፥ ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ ትውፊት ከንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ጋር የሚያያይዘው የአሸተን ማርያም ውቅር ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በዚያ ደጋ የሚኖር አንድ ገበሬ በድንበር ወይም በግጦሽ ከጎረቤቱ ተጣልቶ በዱላ ተማታ፤ ጎረቤቱ ቆሰለ፤ እርሱም ተይዞ ወደ ከተማ ወረደ እንበል። ዘመዶቹ ምን ያደርጋሉ? አንዱ ሽማግሌ እየላከ ቁስለኛውን ያስጨንቃል፤ ሌላው ያላየውን «አየሁ» የሚል ምስክር ይፈልጋል፤ ሦስተኛው ደግሞ «መታ አይደለምን? የእጁን ያግኝ» ብሎ ይተወዋል። ሦስቱም ከቀናው መንገድ የወጡ ናቸው።

መምታት ስሙ አንድ ቢሆንም መጠኑ ብዙ ነውና። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 555 ስለ ከባድ የአካል ጉዳት፥ በአንቀጽ 556 ስለ ቀላል የአካል ጉዳት፥ በአንቀጽ 560 ስለ እጅ እልፊት ለየብቻ ይናገራል። የመጀመሪያው እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያደርስ ይችላል፤ የመጨረሻው ግን እጅግ የቀለለ ነው። ደግሞም አንቀጽ 78 ራሱን ወይም ሌላውን ከግፍ ጥቃት በሕጋዊ መንገድ የተከላከለውን አያስቀጣም፤ አንቀጽ 79 ከመከላከል መጠን ያለፈውን ቅጣት ለማቅለል በር ይከፍታል። እንግዲህ ዱላውን አስቀድሞ ያነሣው ማን ነው? ቁስሉ በግንባር ነው ወይስ በጀርባ? የሐኪሙ ማስረጃ ምን ይላል? ምስክሩ የቆመው ከየት ነው? በፍርሃት የተያዘ፥ የችሎት ቋንቋ ያልለመደ ገበሬ እነዚህን ጥያቄዎች ከወዴት ያመጣቸዋል? የሚጠይቅለት ከሌለ እውነቱ ከእርሱ ጋር ይታሰራል።

የሶስናን ታሪክ እናስብ። ሁለት ረበናት መሰከሩባት፤ ሕዝቡም አመናቸው፤ ለሞትም ተወሰደች። ዳንኤል ግን ምስክሮቹን ለያይቶ ከየትኛው ዛፍ በታች እንዳዩአት ጠየቃቸው፤ ቃላቸውም ተለያየ። ዳንኤል አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ መጠየቅ የሚገባውን ጠየቀ እንጂ። የጠበቃ ሥራም ይኸው ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በቂሣርያ በተከሰሰ ጊዜ ከሳሾቹ ጠርጠሉስ የሚባል ተናጋሪ አቁመውበት ነበር፤ እርሱ ግን የተማረ ስለ ነበር ራሱ መለሰ። በአገራችንም በበላ ልበልሃ ሙግት ዘመን አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው ብዙ ይጠቀም ነበር። ነገር ግን አንደበቱ የተያዘ ድኻ ምን ያድርግ?

ሕግ ይህን አልረሳውም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52፥ ተከሳሹ በራሱ ገንዘብ ጠበቃ ለማግኘት ካልቻለ ፍርድ ቤቱ እንዲመድብለት ደንግጎ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ዝም ለማለት እንደሚችል፥ ከመንገዱ ጊዜ በቀርም በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መቅረብ እንደሚገባው ይናገራል፤ በአንቀጽ 20 አቅም አጥቶ ፍትሕ የሚጓደልበት ሲሆን ከመንግሥት ጠበቃ እንዲያገኝ ያዝዛል። ስለዚህ ድኻው ዳኛ ፊት በቆመ ጊዜ አቅም እንደሌለው አመልክቶ ተከላካይ ጠበቃ እንዲቆምለት ይለምን፤ ይህ ልመና ምጽዋት መለመን አይደለም፤ የተሰጠውን መቀበል ነው። በሌላ አገርም በአሜሪካ ጌዴዎን የሚባል ድኻ እስረኛ ያለ ጠበቃ ተፈርዶበት ሳለ በእርሳስ ጽፎ ለታላቁ ፍርድ ቤት አመለከተ፤ ፍርድ ቤቱም በመጋቢት 1955 ዓ.ም. ጠበቃ እንደሚገባው ወሰነለት፤ በዚያው ዓመት ነገሩ በጠበቃ እንደ ገና ሲታይ ነጻ ወጣ።

ነገር ግን እንዲህ የሚል ይነሣል፦ «እናንተ ካህናት ኃጢአትን ተናዘዙ ትላላችሁ፤ ሕጉ ደግሞ ዝም በል ይላል፤ ይህ እንዴት ይስማማል?» መልሱ ይህ ነው። ኑዛዜ ነፍስን ለመፈወስ ነው፤ የፍርድ ቤት ምርመራ ግን የበደልን ልክ ለመመዘን ነው። በጨለማ ክፍል በድንጋጤ የተሰጠ ቃል ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ፍርሃት የወለደው ነው። ጌታችንም በጲላጦስ ፊት ዝም ባለ ጊዜ እውነትን አልካደም። እንግዲህ ዝምታ ሐሰት አይደለም። መዋሸት ግን በዳኛ ፊትም በካህን ፊትም የተከለከለ ነው። መምታቱን የሚያውቅ ሰው ለጠበቃው ሁሉን በእውነት ይንገረው፤ ያን ጊዜ ጠበቃው ክዶ የሚከራከርለት ሳይሆን ከበደሉ በላይ እንዳይቀጣ የሚቆምለት ይሆናል። ሐሰተኛ ምስክር የሚያሰለጥን ጠበቃ ግን የሐሰቱ ባልንጀራ ነው እንጂ ጠበቃ አይባልም።

የቆሰለውንም አንርሳ። ለተከሳሹ ጠበቃ ማቆም በቁስለኛው ላይ መነሣት አይደለም፤ ያልመታው ሰው ቢፈረድበት የመታው በነጻ ይሄዳልና፥ ለቁስለኛውም የሚበጀው እውነት ሲወጣ ነው። ዕርቅም መልካም ነው፤ ነገር ግን ስፍራውን ይወቅ። በአንቀጽ 556 ንኡስ አንቀጽ 1 የተመለከተው ጉዳት በተበዳዩ አቤቱታ የሚቀርብ ስለ ሆነ ዕርቅ ብዙ ይሠራበታል። ጉዳቱ ሲከብድ ግን ዕርቅ ክሱን አያስቀርም፤ ሆኖም በአንቀጽ 82 መሠረት ከልብ መጸጸትና የተጎዳውን መካስ ቅጣትን ያቀልላል። ዕርቅ በነጻ ፈቃድ እንጂ በማስጨነቅ አይሁን።

ስለዚህ የነፍስ አባቶች ሆይ፥ ልጃችሁ በታሰረ ጊዜ ሂዱና ጠይቁት፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የሃይማኖት አማካሪ እስረኛን እንዲጎበኝ ፈቅዷልና። ስታገኙትም ሦስት ነገር ንገሩት፦ እንዳይዋሽ፥ ያልገባውን ወረቀት እንዳይፈርም፥ ጠበቃም እንዲጠይቅ። ለቁስለኛውም ሐኪም እንዲያገኝ ርዱት። ዘመዶችም ለሐሰት ምስክር የምታወጡትን ገንዘብ ለእውነተኛ ጠበቃ አውጡት። በመጨረሻው ቀን እኛ ሁላችን ተከሳሾች ሆነን እንቆማለን፤ በዚያን ጊዜም ጠበቃ እንዲቆምልን ተስፋ እናደርጋለን። ለራሱ ጠበቃ የሚሻ ሰው ወንድሙን ጠበቃ ሊከለክለው አይገባም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።