የአህያ ሥጋ ሐራም መሆኑ ጥያቄውን ይዘጋዋልን?

በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ከተማ በቻይናውያን ባለሀብቶች የተቋቋመው የአህያ ቄራ ብዙም ሳይቆይ በነዋሪው ተቃውሞ ምክንያት በከተማው አስተዳደር ተዘግቷል። በዚያ ሰሞን እዚህ የካ ውስጥ በየሻይ ቤቱና በየታክሲው ይነገር የነበረው ቃል አንድ ነበር፤ «እኛ የማንበላውን እንስሳ እንዴት በአገራችን ያርዳሉ?» የሚል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በዚህ አንድ ሆኖ ነበር። ቄራው ሲዘጋም ሁላችንም እፎይ ብለን ወደየሥራችን ተመለስን።

እኔ ግን ይህ ምክንያት አይበቃም እላለሁ። የአህያ እርድ በሕግ ይከልከል ብለን ስንነሳ ይህንኑ ምክንያት ብቻ ይዘን ከሄድን በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ እንረታለን። እኛ ሙስሊሞች የማንቀምሰው ብዙ ነገር በዚህችው አገር በሕግ ተፈቅዶ ይመረታል፤ ይሸጣል። የቢራ ፋብሪካዎቹን ብቻ መቁጠር ይበቃል። ታዲያ አህያ ላይ ሲደርስ «አንበላትምና አትታረድ» ማለት ክርክር ነው ወይስ መጠየፍ? መጠየፍ ደግሞ ይለመዳል። ቄራው ከከተማ ርቆ፣ አጥሩ ከፍ ብሎ፣ ቆዳው በሌሊት ተጭኖ ቢወጣ የሚጠየፍ ዓይን አይኖርምና ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃል ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፥ የሐራሙን ጉዳይ ራሱን ጠጋ ብለን ብንመረምረው ሌላ ነገር ያሳየናል። የለማዳ አህያ ሥጋ የተከለከለው በሰባተኛው ዓመተ ሂጅራ በኸይበር ዘመቻ ወቅት መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ሰዎች ርቧቸው፣ አህያ ታርዶ፣ ድስቱ እየፈላ ሳለ ክልከላው ታወጀ፤ ድስቶቹም ተደፉ። ነገር ግን ቡኻሪ ባሰፈሩት አንድ ዘገባ ላይ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ስለ ክልከላው ምክንያት ሲያመነቱ እናገኛለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የከለከሉት አህያ የሰው ጭነት ተሸካሚ ናትና እንዳታልቅ ሰግተው ይሁን ወይስ ሥጋዋን ለዘለቄታው ሐራም አድርገው ይሁን፣ ለይተው እንደማያውቁ መናገራቸው ተዘግቧል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ክልከላው ዘላቂ ነው፣ ምክንያቱም የሥጋው ርኩስነት ነው ብለዋል። እኔ ፊቅህ የተማርኩ ሰው አይደለሁምና በዚህ አልገባም። ይሁን እንጂ «የሕዝቡን ጭነት ማን ይሸከማል?» የሚለው ስጋት እንዲህ ባለ ታላቅ ሰሓባ አእምሮ ውስጥ መመላለሱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ይህንኑ ጥያቄ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወደ እንጦጦ ይውጣ። ከዳገቱ ሁለት ዓይነት ጭነት ሲወርድ ያያል። ጭራሮው ያው ጭራሮ፣ ቅጠሉም ያው የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው። ልዩነቱ አንዱ በአህያ ጀርባ፣ ሌላው በሴት ጀርባ መውረዱ ነው። የእንጦጦ እንጨት ለቃሚ እናቶችና ልጃገረዶች ከ30 ኪሎ የሚበልጥ እስር ተሸክመው፣ ወገባቸው ታጥፎ፣ ከመሬት በቀር ምንም ሳያዩ ዳገቱን ሲወርዱ ኖረዋል። ከተማይቱ በነርሱ ጀርባ ላይ ስንት ዘመን ምሳዋን አበሰለች! እንግዲህ በሁለቱ ጭነቶች መካከል ያለው ልዩነት ይኸው ነው፤ አንዷ ቤት አህያ አለ፣ አንዷ ቤት የለም። አህያ የሌላት ሴት ጭነቱ አይቀርላትም፤ ጀርባ ይለውጣል እንጂ።

በሾላ ገበያ እህል በአህያ የሚያመላልሱ አንዲት እናት አነጋግሬ ነበር። «እማማ፥ ቆዳ ገዢዎች መጥተው ጥሩ ዋጋ ቢሰጡዎት ይሸጧታል?» አልኳቸው። «ሸጬስ ልጄ?» አሉኝ እየሳቁ፣ «ብሩ ያለቀ ቀን እኔው አህያ ልሆን ነው?»

የቆዳው ገበያ ደግሞ ትንሽ ገበያ አይደለም። ቆዳው ተቀቅሎ የሚወጣው ሙጫ መሰል ነገር በቻይና «ኤጂያኦ» ይባላል፤ ለደም ማነስና ለውበት ይረዳል እየተባለ በውድ ይሸጣል። እዚያ በ1992 (እ.ኤ.አ.) ወደ 11 ሚሊዮን ይጠጋ የነበረው የአህያ ቁጥር ዛሬ ከ2 ሚሊዮን በታች ወርዷል። የነርሱ ሲያልቅ ዓይናቸውን ወደ አፍሪካ መለሱ። ከ9 ሚሊዮን በላይ አህያ ያላትና በዓለም አንደኛ የሆነችው ደግሞ የኛዋ ኢትዮጵያ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ብልህ ተከራካሪ «በሬም ያርሳል፣ ኋላም ይታረዳል፤ አህያን ምን ለየው?» ሊል ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ያለው በአህያ ተፈጥሮ ላይ ነው። አህያ አንድ ዓመት ያህል ታረግዛለች፤ የምትወልደውም አንድ ውርንጭላ ነው፤ ያም ለጭነት እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። የፋብሪካው ፍላጎት ግን ዓመት አይጠብቅም። ስለዚህ ንግዱ የሚያርደው አርብቶ ያገኘውን ሳይሆን የድሀውን ደጅ አራግፎ የሰበሰበውን ነው። ዋጋው ሲወደድም አህያዋን የሸጠ ድሀ ተመልሶ ሌላ መግዛት አይችልም።

«ገና ላልተስፋፋ ንግድ ሕግ ማውጣት ምን አስቸኮለ?» የሚሉም አሉ። ለነዚህ ሩቅ የሆነ ምሳሌ ላንሳ። ኦክቶፐስ የሚባል ስምንት እጅ ያለው የባሕር እንስሳ አለ። አንድ የስፔን ኩባንያ ይህንን እንስሳ በካናሪ ደሴቶች በገንዳ ለማርባት ሲነሳ ከፍተኛ ተቃውሞ ገጠመው። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ቀጥሎም ካሊፎርኒያ በ2024 (እ.ኤ.አ.) እርባታውን በሕግ ከለከሉ። ሕጉ የወጣው በግዛቶቹ ንግዱ ሥር ሳይሰድ ነው። ምክንያታቸውም እንስሳው አስተዋይ፣ ብቻውን የሚኖር፣ ሕመም የሚሰማው ፍጡር ነውና በገንዳ ማጎር ግፍ ነው የሚል ነበር። ልብ በሉ! የባሕር እንስሳ ለብዙዎቹ ዑለማዎች ሐላል ነው። ሐላልነቱ ግን እንዴት ይያዝ የሚለውን ጥያቄ አላስቀረውም። የአህያም ሐራምነት እንደዚሁ ምን ይገባታል የሚለውን ጥያቄ አያስቀረውም። መብላትና አለመብላት አንድ ነገር ነው፤ ፍጡሩ በእኛ ላይ ያለው ሐቅ ሌላ ነገር ነው።

ወደ ሐቁ ስንመጣ ግን ነገሩ ይከብዳል። ቻይናዊውን ከመውቀሳችን በፊት ከሾላ እስከ ኮተቤና ካራ ባለው መንገድ የምናየውን እንናገር። ጀርባዋ በገጣባ የተላጠ፣ በገጣባው ላይ ሌላ ኩንታል የተጫነባት፣ በዱላ የምትነዳ አህያ ያላየ የየካ ነዋሪ አለን? ያረጀችዋ ወይም እግሯ የተሰበረውስ? አንዳንዱ አውጥቶ መንገድ ዳር ይጥላታል፤ ሌሊት ጅብ ይጨርሳታል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እያልን እንቀልዳለን። እንግዲህ ተከራካሪው «በጅብ በቁሟ ከምትበላ በቢላዋ ብትሞት አይሻልምን?» ቢለን ምን እንመልሳለን? ለዚያች ለተጣለችው አህያ፣ በዚያች ሌሊት፣ ቢላዋው ሳይሻላት አይቀርም። ይህን መካድ አያስፈልግም። ሆኖም ቄራው የሚፈልገው የተጣለችውን አይደለም፤ የነገዋን፣ የምትሠራውን፣ የእማማን አህያ ነው።

በ660 ዓመተ ሂጅራ ያረፉትና «ሱልጣኑል ዑለማእ» የተባሉት ዒዘዲን ኢብኑ ዐብዲሰላም የእንስሳትን ሐቅ ሲዘረዝሩ ባለቤቱ እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ ጥቅም መስጠት ቢያቆም እንኳ ቀለቡን የመቻል ግዴታ እንዳለበት፣ ከአቅሙ በላይም እንዳይጭንበት ጽፈዋል። ይህ የተጻፈው በአውሮፓ የእንስሳት መብት ማኅበር ከመቋቋሙ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። እኛ ግን ከዚህ ሁሉ የያዝነው «አይበላም» የሚለውን ብቻ ሆነና አረፈ።

ሕጉስ የት አለ? የቢሾፍቱው መዘጋት የአስተዳደር ውሳኔ ነው። አንድ ቢሮ የዘጋውን ሌላ ቢሮ ሊከፍተው ይችላል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳዋ ማረድ ለ15 ዓመት እንዲቆም ወስነዋል። ውሳኔው የሚያስደስት ነው፤ ግን ሥራ ላይ የሚውለው አባል አገሮች በየሕጋቸው ሲያሰፍሩት ነው። ኬንያ በ2020 (እ.ኤ.አ.) የአህያ እርድን በሚኒስትር ማስታወቂያ አገደች፤ በዓመቱ ባለቄራዎቹ ከሰው ፍርድ ቤት ማስታወቂያውን ሻረው። ከጎረቤት ቤት የመጣ ትምህርት ስለሆነ በነጻ እንውሰደው። ማስታወቂያ ሳይሆን አዋጅ ያስፈልጋል።

ብዙዎቻችን ግን አህያውን ፈርተን ዳውላውን እንመታለን። ባለሀብቱን እንሰድባለን፤ ፈቃዱን የሰጠውን ሕግ አንነካም። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የሚቀርብ አቤቱታ ቢዘጋጅ ሁለት ነገር አብሮ እንዲጠይቅ እፈልጋለሁ። አንደኛው የአህያ እርድና የቆዳዋ ንግድ በአዋጅ እንዲከለከል ነው። ሁለተኛው ከአቅም በላይ መጫንና አህያን አውጥቶ መጣል እንዲያስጠይቅ፣ በሾላና በመሳሰሉት ገበያዎችም ገጣባ የሚያክም የእንስሳት ሐኪም እንዲመደብ ነው። ሁለተኛውን ትቶ አንደኛውን ብቻ ለሚጠይቅ አቤቱታ እኔ በበኩሌ አልፈርምም። ቻይናዊውን ከልክሎ ባለዱላውን የሚያልፍ ሕግ ለአህያዋ ምኗም አይደለምና። በዚህ ላይ የተለየ ሐሳብ ያላችሁ አንባብያን፣ በተለይም በአህያ የምትተዳደሩ የሾላ፣ የኮተቤና የካራ ወገኖች፣ ጻፉልን።