የዐይን ምግብ፤ ለክርስቲያን ቤተ ሰብ የሚገባውን ፊልም ስለ መምረጥ

እግዚአብሔር ለሰው ከሰጠው አምስቱ የስሜት ሕዋሳት መካከል ፈጥኖ ወደ ልብ የሚደርሰው በዐይን የሚገባው ነው። ጆሮ የሰማውን ልብ ጥቂት መርምሮ ይቀበለዋል፤ ዐይን ያየውን ግን ልብ ገና ሳይመረምረው አሳድሮት ይገኛል። ሔዋን የእባቡን ምክር ከሰማች በኋላ ፍሬውን ወደ ማየት እንደ ተመለሰች፥ ዳዊትም በሰገነቱ ላይ ሲመላለስ ባየው ነገር እንደ ተሰናከለ የተጻፈልን ስለዚህ ነው። ዘኬዎስ ደግሞ ጌታን ለማየት ብሎ ከዛፍ ላይ ወጣ፤ ያ ማየቱም ድኅነት ወደ ቤቱ የሚገባበት በር ሆነለት። እንግዲህ ማየት በራሱ ክፉም በጎም አይደለም፤ የሚታየው ነገርና የሚያየው ሰው አሳብ ይለየዋል።

ይህን ማስቀደማችን ስለ ፊልም ለመናገር ነው። ሉሚዬር የተባሉት ወንድማማቾች በፓሪስ ከተማ ገንዘብ ከፍሎ ለገባ ሕዝብ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። ነገሩ ወደ አገራችን በደረሰ ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎ ሰይሞት ነበር። ዛሬ በዚህ ስም የሚስቁ አሉ። ነገር ግን በጨለማ ተቀምጦ የሌለውን እንዳለ አድርጎ ማየት በሰው ልብ ላይ ታላቅ ኀይል እንዳለው እነዚያ ሰዎች አስተውለው ነበርና ፍርሃታቸው ሁሉ ከንቱ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ከፊልም መራቅ የፈለገ ሰው ወደዚያ ቤት አለመሄድ ይበቃው ነበር። አሁን ግን ፊልሙ ራሱ በቴሌቪዥንና በእጅ ስልክ ወደየቤቱ ገብቶ ከማዕድ ጋራ ቀርቧል። ስለዚህ «አትሂዱ» የሚለው ተግሣጽ ብቻውን አይበቃም፤ መምረጥን ማስተማር ያስፈልጋል።

የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፦ አባትና እናት «ይህ ክርስቲያናዊ ፊልም ነው» ተብሎ የመጣላቸውን ሁሉ ለልጆቻቸው ያለ ምርመራ ማሳየት ይገባቸዋልን? ብዙ ምእመናን ከዘፈንና ከግድያ ፊልም ልጆቻቸውን ይከለክላሉ፤ የጌታ ስም ወይም የነቢይ ስም ያለበት ሲመጣ ግን ልጆቹን ከፊቱ አስቀምጠው ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። መልሳችን ግን አይገባም የሚል ነው። በስሙ ተማምነን ሳንጠነቀቅ የምናስገባው እንግዳ፥ ጠላትነቱን ዐውቀን ከምንዘጋበት ይልቅ በቤት ውስጥ ብዙ ሥራ ሊሠራ ይችላልና።

አንዳንዶች ደግሞ ከዚህ አልፈው ሥዕል የሚንቀሳቀስ ሁሉ ለክርስቲያን አይገባም ይላሉ። ይህም ሚዛኑን የሳተ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን መጽሐፍ ማንበብ ላልቻለው ሕዝብ በሥዕል ስታስተምር ኖራለች። በክብ ቤተ ክርስቲያን የመቅደሱ ግድግዳ ዙሪያውን የጌታን ልደትና ስቅለት፥ የእመቤታችንን ተአምር፥ የሰማዕታትን ገድል ይዞ የቆመ ነው። ፊደል ያልቈጠረች እናት ልጇን እጁን ይዛ በዚያ ግድግዳ ዙሪያ እየመራች ወንጌልን ታስተምረው ነበር። ስለዚህ ክርክራችን ከሥዕል ጋራ አይደለም፤ ሥዕሉ ምን እንደሚያስተምር ከማወቅ ጋራ ነው።

በዚህ ነገር የቀደሙት ሠዓልያን ራሳቸው መምህራን ይሆኑናል። በአገራችን የቅዱሳት ሥዕላት ልማድ ጻድቁ ፊቱ በሙሉ፥ ሁለት ዐይኖቹም ተገልጠው ይሣላል፤ ከሐዲው፥ ገራፊው፥ ሰይጣኑም ፊቱ ወደ ጐን ዞሮ በአንድ ዐይን ይሣላል። ሕፃን እንኳ ሥዕሉን ባየ ጊዜ ከማን ጋራ መቆም እንደሚገባው ሳይነገረው ያውቃል። ክፉው ከሥዕሉ አልጠፋም፤ ጦሩንም ጅራፉንም ይዞ አለ። ነገር ግን ተመልካቹን ፊት ለፊት አይመለከተውም፤ ከተመልካቹ ጋራ ዐይን ለዐይን የሚገናኘው ሰማዕቱ ነው።

እንግዲህ ለፊልም የመጀመሪያው መመርመሪያ ከዚህ ይገኛል። ፊልሙ በማን ዐይን እንድናይ ያደርገናል? ከማንስ ጋራ ያቆመናል? በሚያዝያ ወር 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ምድር ስለ ክርስትናቸው የተገደሉትን ወገኖቻችንን እናስብ። ነገሩ ሰማዕትነት ነው፤ ተንቀሳቃሹን ሥዕል ያነሡት ግን ገዳዮቹ ናቸው፤ ያነሡትም ሊያስፈራሩና ሊመኩበት ነው። ያ ሥዕል በእጅ ስልክ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ብዙ ልጆች አይተውታል። እርሱን ለልጅ ማሳየት ሰማዕትን ማክበር መስሎ የታየው ወላጅ ካለ፥ ልጁን ገዳዩ በቆመበት ስፍራ አቁሞ እንዳሳየው ያስተውል። ስንክሳር የሰማዕታትን መከራ ሲያነብልን ሰይፉን አይደብቅም፤ ነገር ግን ወደ አክሊሉ አድርሶን ይፈጽማል። ስለ እነዚያ ወንድሞች ለልጆቻችን መንገር ግዴታችን ነው፤ የምንነግራቸውም በስንክሳር ሥርዐት ይሁን።

ሁለተኛው መመርመሪያ በመጽሐፍ የሌለ ምን ተጨመረ፥ ያለውስ ምን ተለወጠ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 ሴሲል ዴሚል በአሜሪካ የሠራው «ዐሥርቱ ትእዛዛት» የተባለው ፊልም ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ የሚፈጅ፥ ባሕሩ ሲከፈል በማሳየቱም የተደነቀ ነው። ነገር ግን አንዲት የግብጽ ልዕልት ሙሴን ስትወድድና ኋላም በቂም የፈርዖንን ልብ ስታደነድን ያሳያል፤ ይህም በኦሪት ዘፀአት የለም። የፈርዖን ልብ መደንደን መምህራን ብዙ የሚያመሠጥሩበት ከባድ ነገር ሲሆን፥ ፊልሙን ብቻ ያየ ልጅ ግን ነገሩ ሁሉ ከሴት ቅናት የመጣ ይመስለዋል።

ከዚህም የሚከብድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣውና የጌታን ልደት በሚተርከው ፊልም እመቤታችን እንደ ማንኛይቱም ሴት በምጥ ስትጨነቅ ትታያለች። የሠሩት ሰዎች በክፋት ሠሩት አንልም፤ ሰውነቷን ለማቅረብ ያሰቡ ይመስላል። እኛ ግን በኅቱም ድንግልና ፀንሳ በኅቱም ድንግልና ያለ ምጥ እንደ ወለደችው እናምናለን። ልጃችን በስምንት ዓመቱ ያየውን ያን ጩኸት በዐሥራ አምስት ዓመቱ በጉባኤ በሚሰማው ቃል ብቻ ከልቡ ማውጣት ቀላል አይደለም። እንደዚሁም ከሉቃስ ወንጌል ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1979 የተሠራው «ኢየሱስ» የተባለው ፊልም አማርኛን ጨምሮ ከ2,000 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጕሟል፤ የወንጌሉን ታሪክ በአብዛኛው ተከትሎ ስለሚሄድም ብዙ ሰው ተጠቅሞበታል። በፍጻሜው ግን ተመልካቹን ጌታን በልቡ እንዲቀበል ወደ አጭር ጸሎት ይጠራል። መጸለይ መልካም ነው፤ ሆኖም ልጁ በዚያች ጸሎት ሁሉ የተፈጸመለት እንዳይመስለው፥ በጥምቀት እንደ ተወለደና በቅዱስ ሥጋውና በክቡር ደሙ እንደሚኖር አባት ከአጠገቡ ሆኖ ሊነግረው ይገባል።

ሦስተኛው መመርመሪያ የተመልካቹ ዐቅም ነው። ሜል ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው «የክርስቶስ ሕማም» የተባለው ፊልም ግርፋቱንና ስቅለቱን እጅግ አጕልቶ ስለሚያሳይ፥ በአሜሪካ አገር እንኳ ከ17 ዓመት በታች ያሉ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ ገብተው እንዳያዩት ተወስኖበት ነበር። ብዙ አዋቂዎች አይተውት አልቅሰዋል፤ ወደ ንስሐም የተመለሱ ይኖራሉ። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ለሕፃናት ወተት፥ ለበሰሉት ጠንካራ ምግብ እንደሚገባ አስተምሯል። በ14ኛው መቶ ዓመት ከተጻፉት የብራና ወንጌሎቻችን በአንዳንዶቹ ሠዓሊው ስቅለትን ሲሥል ሁለቱን ወንበዴዎች በግራና በቀኝ አድርጎ በመካከል ያለውን መስቀል ባዶውን ይተወዋል፤ ከበላዩም በግ ይሥላል። ሕማሙን ስለ ናቀ አይደለም፤ ምሥጢሩን በመጋረጃ አክብሮ ለማሳየት ነው። ከዚያ ወዲህ የተነሡት ሠዓልያን የተሰቀለውን ጌታ ሥለውልናል፤ እነርሱም ደሙን ሲሥሉ ልክ ነበራቸው። ሕፃን ከፊልም ፊት ተነሥቶ ሌሊቱን በድንጋጤ የሚባንን ከሆነ የተማረው ፍቅርን ሳይሆን ፍርሃትን ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። «እንዲህ ከሆነ የራሳችን ሃይማኖት ሰዎች የሠሩትን ብቻ እንይ» የሚል ሰው ይኖራል። ይህ ጥንቃቄ ነው፤ ሆኖም ከመመርመር አያሳርፍም። ፓዞሊኒ የተባለው ኢጣልያዊ እምነት እንደሌለው በአደባባይ የሚናገር ሰው ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1964 የማቴዎስን ወንጌል በፊልም ሲሠራ ተዋንያኑ የሚናገሩትን ቃል ከወንጌሉ ወስዶ ነበርና ሥራው በብዙ ክርስቲያኖች ዘንድ ተመስግኗል። በሌላ ወገን መስቀል የተሣለበት ሆኖ ውስጡ ጠብና ስድብ፥ ወይም ጸሎት እንደ ንግድ ሀብት የሚያመጣበት ታሪክ የሞላበት ፊልም አለ። ከኦርቶዶክሳውያን አገር ከሩሲያ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው «ደሴት» የተባለው ፊልም፥ በጦርነት ጊዜ በፍርሃት በባልንጀራው ላይ ስለ ተኰሰ ዘመኑን በልቅሶና በድካም የፈጸመውን መነኵሴ ያሳያል። ሰባኪ ሳይሰብክበት ንስሐ ምን እንደ ሆነ ያስተምራል፤ ለጐለመሱ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋራ ሊያዩት የሚገባ ነው። ሥራውን የምንመዝነው በፍሬው እንጂ በሽፋኑ አይደለም።

ደግሞም ፊልም ቅዱስ ሥዕል እንዳልሆነ ለልጆች መታወቅ አለበት። ቅዱስ ሥዕል ተጸልዮበት፥ በሥርዐት ተሥሎ፥ የምንቆምለትና የምንሳለመው ነው። ተዋናይ ግን ዛሬ የጌታን ልብስ ለብሶ ቢታይ ነገ የወንበዴን ልብስ ይለብሳል፤ ሥራው ነውና አይፈረድበትም። ነገር ግን የእንደዚህ ያለው ሰው ፎቶግራፍ በልዩ ልዩ አገር ከፊልም ተወስዶ እንደ ጌታ ሥዕል በቤት ተሰቅሎ ይገኛል። ልጅ ዐይኑን ጨፍኖ በጸለየ ጊዜ የሚታየው የተዋናይ ፊት እንዳይሆን፥ ጸሎት ከሚደረግበት ስፍራ እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሥርዐቱን የጠበቀው ቅዱስ ሥዕል ይተካ።

አራተኛውና የሁሉ ማሰሪያ የሆነው መመርመሪያ፥ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ቤተ ሰቡን ወዴት ይመልሰዋል የሚለው ነው። መምህራን ወንጌልን ሲተረጕሙ አንዱን ቃል «አንድም፥ አንድም» እያሉ ብዙ ምሥጢር ያወጡበታል። ፊልም ግን ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ፊት፥ አንድ ድምፅ ሰጥቶ ይዘጋዋል። ስለዚህ ከመጽሐፍ የሚያስቀር ከሆነ ያጐድለናል፤ «ይህ በየትኛው ምዕራፍ ነው?» አሰኝቶ መጽሐፍ የሚያስገልጥ ከሆነ ግን ይጠቅመናል። በሰሙነ ሕማማት ግብረ ሕማማቱ ሲነበብና ምእመናን ሲሰግዱ፥ እቤት ተቀምጦ የጌታን ሕማም በፊልም በማየት ግዴታውን የፈጸመ የሚመስለው ሰው አለ። እርሱ ስለ ሕማሙ ያለቀሰው ከወንበሩ ሳይነሣ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ግን በጕልበቱም በግንባሩም እንዲያለቅስ ትጠራዋለች።

በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በዚያ የሚያድጉ ብዙ ልጆች የቅዳሴውን ግእዝ፥ የስብከቱንም አማርኛ በሚገባ አይሰሙትም፤ ባደጉበት ቋንቋ የቀረበላቸው ፊልም ግን ግልጥ ሆኖ ይገባቸዋል። ወላጅ ካልተጠነቀቀ ፊልሙ ረዳት መሆኑ ቀርቶ ዋና መምህራቸው ይሆናል። ስለዚህ ልጁ ያየውን በሚሰማው ቋንቋ የሚያስረዳው ሰው፥ ወላጅ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር፥ ከፊልሙ ጋራ አብሮ ሊኖር ይገባል።

በቀድሞ ጊዜ በመኳንንቱ ግብር ጠጅ አሳላፊው ብርሌውን ለእንግዳው ከማቅረቡ በፊት ጥቂት በመዳፉ አንጠፍጥፎ ይቀምስ ነበር። ለእንግዳው ሥጋ ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፥ ለልጅ ነፍስ እንዴት አይበልጥም? አባት ወይም እናት ፊልሙን አስቀድመው ብቻቸውን ይዩት። የተጠራጠሩበት ነገር ቢኖር የነፍስ አባታቸውን ይጠይቁ። ልጆቹን ከማስቀመጣቸው በፊት ታሪኩ የተጻፈበትን ምዕራፍ ያንብቡላቸው፤ አብረዋቸውም ተቀምጠው ይዩ። ከተፈጸመ በኋላ ቴሌቪዥኑን አጥፍተው «በመጽሐፍ ያለው የትኛው ነው? የተጨመረውስ የትኛው ነው?» ብለው ይጠይቋቸው፤ ከዚያም አባታችን ሆይ ደግመው ይነሡ። ይህን ለማድረግ ጊዜ የሌለው ወላጅ ቢኖር፥ ለጊዜው ፊልሙን ትቶ በመኝታ ሰዓት አንድ የወንጌል ታሪክ በአፉ ቢነግራቸው ይሻላል። ልጅ የአባቱን ድምፅ የሚሰማበት ዘመን አጭር ነው።

የነፍስ አባቶችም ይህን ጕዳይ እንደ ትንሽ ነገር አንየው። የንስሐ ልጆቻችንን ስለ ጾምና ስለ ጸሎት ስንጠይቅ በቤታቸው ልጆች ምን እንደሚያዩም እንጠይቅ። ዐይናቸውን ለበጎ የገለጠ አምላክ የልጆቻችንን ልብ በማስተዋል ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።