«እንዴት ሊሆን ቻለ?» ሳያውቁ ስለ መፍረድ

ባልና ሚስት ለጊዜው ልጅ እንዳይወልዱ ተስማምተው መከላከያ ሲወስዱ ቆይተው፣ ሚስት ብትጸንስ ጥፋቱ የማን ነው? ይህን ጥያቄ ያለ ምክንያት አላነሣነውም። በአገልግሎታችን ከሚያጋጥሙን የትዳር ጠቦች ከዚህ የሚመነጩት ጥቂት አይደሉም። ባል «መርፌ እየተወጋሽ እንዴት አረገዝሽ?» ይላል፤ አነጋገሩ ጥያቄ ይምሰል እንጂ ክስ ነው። ሚስት የምትመልሰው ታጣለች፤ ዝምታዋም እንደ እምነት ቃል ይቆጠርባታል።

ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰው ሠራሽ መከላከያ ያላት ትምህርት ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛ በ1968 እ.ኤ.አ. ባወጡት «ሁማኔ ቪቴ» በተሰኘው መልእክት የታወቀ ስለ ሆነ እዚህ አንደግመውም። የዛሬው ጉዳያችን ነገሩ ከሆነ በኋላ የትዳር ጓደኛን በፍትሕ መዳኘት ነው። ፍትሕ ደግሞ ያለ ዕውቀት አይጸናም።

በመጀመሪያ፣ ፈጽሞ የማይስት መከላከያ እንደሌለ እንወቅ። ኪኒን ከሚወስዱ 100 ሴቶች በአንድ ዓመት ውስጥ 7 ያህሉ፣ በየሦስት ወሩ መርፌ ከሚወጉት 4 ያህሉ፣ ባሎቻቸው ኮንዶም ከሚጠቀሙት 13 ያህሉ ይጸንሳሉ። እነዚህ ቁጥሮች በዕለት ኑሮ የሚታዩት ናቸው፤ አጠቃቀሙ አንዳች ስሕተት ባይኖርበት ቁጥሩ እጅግ ዝቅ ይላል፤ ነገር ግን ዜሮ አይሆንም። ኪኒን ይረሳል፤ ትውከትና ብርቱ ተቅማጥ ሳይሠራ ያስወጡታል፤ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲንም ኃይሉን ያደክመዋል። የመርፌው ቀን ያልፋል። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው እንኳ በዓመት ከ1,000 ሴቶች 1 ያህሏ ላይ ሊስት ይችላል። ቤተ ክርስቲያን የምትቀበለው ተፈጥሯዊ ዘዴም ምልክቶቹ በጥንቃቄ ካልተከታተሏቸው ይስታል፤ ይህንም ከምእመናን መሰወር አይገባንም። ጡት ማጥባትም ቢሆን በሚገባ የሚከላከለው ሕፃኑ ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ከእናቱ ጡት በቀር ሌላ ሳይቀምስ፣ የእናቲቱም የወር አበባ ሳይመለስ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ዋስትናው ይቀንሳል።

ሁለተኛው የጠብ ምንጭ የሳምንታት ቆጠራ ነው። ሐኪሞች የእርግዝናን ዕድሜ የሚቆጥሩት ከተጸነሰበት ዕለት ሳይሆን የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን አንሥተው ነው። ጽንሱ የሚጀምረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። እንግዲህ ለሥራ ርቆ የሰነበተ ባል ከተመለሰ 7 ሳምንት ሆኖት፣ በሚስቱ የሕክምና ካርድ ላይ «8 ሳምንት» የሚል ቢያነብ ምን ይላል? «እኔ ሳልመጣ» ብሎ ይፈርዳል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ከተጸነሰ 6 ሳምንት ገደማ ነው፤ ቆጠራው ሚስቱን አይከሳትም። አንድ ነገር ባለማወቅ ስንት ጎጆ ይፈርሳል!

ኮንዶም ተቀዶባቸው ወይም ኪኒን ተረስቶ በፍርሃት የሚጨነቁም አሉ። የሴቷ እንቁላል ከወጣ በኋላ የሚቆየው አንድ ቀን ያህል ሲሆን፣ የወንዱ ዘር ግን እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ በየወሩ መጸነስ የሚቻልባቸው ቀናት ስድስት ያህል ናቸው። እንቁላሉ የሚወጣበት ቀን ግን ከወር ወር ስለሚለዋወጥ፣ በጣት ቆጥሮ «አልሆነም» ወይም «ሆኗል» ማለት አይቻልም። ከግንኙነቱ ሦስት ሳምንት በኋላ የሚደረግ የሽንት ምርመራ እርግጡን ይናገራል። እስከዚያ ድረስ ባል ሊያደርግ የሚገባው ከሚስቱ ጋር አብሮ መጠበቅ ነው።

«እውነተኛ ክሕደትስ ቢኖር?» የሚለን አይጠፋም። ሊኖር ይችላል፤ ነገር ግን እርግዝና ብቻውን የክሕደት ማስረጃ አይሆንም። በ1992 እ.ኤ.አ. የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ፣ በቂ መሠረት ሳይኖር የባልንጀራን ጥፋት በልብ እንኳ እንደ እውነት መቀበል የችኮላ ፍርድ እንደሆነ ያስተምራል። ጻድቁ ዮሴፍም ምሥጢሩ ገና ሳይገለጥለት እንኳ ማርያምን በአደባባይ ሊያጋልጣት አልወደደም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ የፈሰሰ ስም ግን አይለቀምም።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው ላልነው መልሱ ይህ ነው፤ ስምምነቱ የሁለቱ እንደ ነበረ ሁሉ ኃላፊነቱም የሁለቱ ነው። የተጸነሰው ሕፃን ደግሞ የማንም ጥፋት አይደለም፤ መድኃኒት ሳተ እንጂ እርሱ ስሕተት ሆኖ አልመጣም። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ እጮኛሞችን ለተክሊል ስታዘጋጁ ይህንም አስተምሯቸው። ተጣልተው የሚመጡ ባለትዳሮች ቢገጥሟችሁ፣ ከምክራችሁ አስቀድማችሁ ሁለቱንም በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ ላኳቸው። ባለሙያው ሲያስረዳ ባልም ይስማ፤ ሚስትም ብቻዋን መልስ ሰጪ አትሁን።