ዓምዱ ራሱን አይናገርም

የዳታቤዝ ስኪማ ለአንድ ሠንጠረዥ የተጻፈ ውል ነው። ስንት ዓምድ እንዳለ፣ እያንዳንዱ ዓምድ ምን እንደሚባል፣ ምን ዓይነት ዋጋ እንደሚቀበልና ምን እንደማይቀበል ይደነግጋል። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ሪሌሽናል የሚባለውን የዳታቤዝ ሞዴል ሲያቀርብ እያንዳንዱ ዓምድ ዋጋዎቹን የሚወስድበት የታወቀ ክልል ነበረው፤ ውሉ ይቀድማል፣ መረጃው ይከተላል። ጥሬ ፋይል ግን ያለ ውል ይመጣል። ሲኤስቪ የሚባለው ፋይል ሲከፈት የሚታየው በኮማ የተለያዩ ፊደሎችና አኃዞች ሰልፍ ነው፤ ይህ የዕቃ ዋጋ ነው፣ ያ ቀን ነው፣ ያኛው ስም ነው የሚል ምልክት የለበትም። ስኪማን በራስ ሰር መገመት ማለት እንግዲህ ሰልፉን ብቻ አይቶ ያልተጻፈውን ውል መጻፍ ነው። ላይ ላዩን የመሐንዲስ ሥራ ይመስላል። ከሥሩ ያለው ጥያቄ ግን ፈላስፎች ከጥንት ጀምሮ የተከራከሩበት ነው፤ ዓይነት በነገሮች ውስጥ አለ ወይስ አንባቢው የሚያለብሳቸው ልብስ ነው?

አሠራሩ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ ከአንድ ዓምድ ዋጋዎችን ይወስድና ከጠባቡ ዓይነት ጀምሮ ይሞክራል። ሁሉም «እውነት» ወይም «ሐሰት» ናቸው? ካልሆኑ ሙሉ ቁጥር ናቸው? ነጥብ ያለባቸው ቁጥሮች? ቀን? አንዱም ካልገጠመ ጽሑፍ ይባላሉ። ጽሑፍ የመጨረሻው በር ነው፤ ማንንም አይመልስም። ሁሉን ረድፍ ማንበብ ጊዜ ስለሚፈጅ ብዙዎቹ መሣሪያዎች በናሙና ይሠራሉ። የጉግል ቢግኩዌሪ ቢበዛ የመጀመሪያዎቹን 500 ረድፎች ያያል፤ ዳክዲቢ ሌላ ካልታዘዘ 20,480 ረድፎችን ይወስዳል፤ አፓቼ ስፓርክ የሲኤስቪ ዓምዶችን ዓይነት እንዲገምት ሲታዘዝ ለዚሁ ብሎ መረጃውን አንድ ጊዜ ተጨማሪ ያነበዋል።

20,481ኛው ረድፍ ላይ «አልታወቀም» የሚል ቃል ቢቀመጥስ? ከፊቱ የተሰለፉት ሃያ ሺህ ቁጥሮች ሊከለክሉት አይችሉም። ፈላስፋው ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. ከ1739 ጀምሮ ባሳተመው የመጀመሪያ ትልቅ ሥራው የጠየቀው ይህንኑ ነው፤ የታየው ላልታየው ዋስ የሚሆነው በምን ሥልጣን ነው? እስከ ዛሬ እንዲህ ሆኗልና ነገም እንዲህ ይሆናል የሚል ሰው ማስረጃ ሲጠየቅ መልሶ የሚያቀርበው ያንኑ ልማድ ነው። ሙሉውን ፋይል ማንበብም ችግሩን ያርቀዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ስኪማ የሚጻፈው ነገ ለሚመጣው ፋይል ጭምር ነውና።

አሜሪካዊው ፈላስፋ ኔልሰን ጉድማን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጥያቄውን ይበልጥ አከረረው። ያው ማስረጃ እኩል የሚደግፋቸው ግምቶች ስፍር ቁጥር የላቸውም። «ይህ ዓምድ ሙሉ ቁጥር ነው» የሚለውና «ይህ ዓምድ እስከ 500ኛው ረድፍ ሙሉ ቁጥር፣ ከዚያ በኋላ ጽሑፍ ነው» የሚለው በናሙናው ፊት እኩል እውነት ናቸው። ሁለተኛውን አስቂኝ የሚያደርገው ምንድን ነው? ጉድማን ከማስረጃው ውስጥ መልስ አላገኘም። የመለሰው ከቃላቱ ታሪክ ነው፤ አንዳንድ ቃላት ስንት ጊዜ ለግምት ውለው ሥር ሰደዋል፣ ሌሎቹ አልሰደዱም። የፕሮግራሞቹን የዓይነት ዝርዝር ለተመለከተ ይህ መልስ እንግዳ አይሆንም። ሙሉ ቁጥር፣ አስርዮሽ፣ ቀን፣ ጽሑፍ የሚለው ቅደም ተከተል የተገኘው ከፋይሉ ሳይሆን ከኮምፒውተር ሙያ ልማድ ነው። ማሽኑ ፋይሉን ከማየቱ በፊት ምን ሊያይ እንደሚችል ተወስኖለታል፤ ካንት የአእምሮ ምድቦች ከልምድ ይቀድማሉ ሲል የተናገረው ስለ ሰው ቢሆንም እዚህ በኮድ ተጽፎ ይገኛል።

ሌላው ችግር ፋይሉ የደጋፊ ምስክር ብቻ የሚያቀርብ መሆኑ ነው። የሚገባውን ያሳያል፤ የማይገባውን አያሳይም። ማርክ ጎልድ እ.ኤ.አ. በ1967 ስለ ቋንቋ መማር ባሳተመው ጥናት ትክክለኛ ምሳሌዎችን ብቻ እያየ የሚማር፣ ስህተት የሆነውን ማንም የማያሳየው ተማሪ፣ እጩ ቋንቋዎቹ ሁሉንም ውሱን ቋንቋዎችና ቢያንስ አንድ ወሰን የለሽ ቋንቋ የያዙ ከሆነ ሁልጊዜ ወደ ትክክለኛው ሊደርስ እንደማይችል በሒሳብ አረጋገጠ። ምክንያቱ ለሠንጠረዥም ይሠራል። አጥብቦ የገመተ አንድ ቀን የሚያርመው ረድፍ ይመጣበታል። አስፍቶ የገመተ ግን የሚያርመው የለም። ጽሑፍ ብሎ የደመደመ ፕሮግራም በጭራሽ አይሳሳትም፤ ነገር ግን አንዳች አልተናገረም።

ከሁሉ የሚከብደው ዓይነት በፊደሉ መልክ የማይታይ መሆኑ ነው። በኢትዮጵያ የተሰበሰበ የደንበኞች ዝርዝር ውስጥ 09 ብለው የሚጀምሩ አሥር አሥር አኃዞች ያሉበት ዓምድ አለ እንበል። ብዙ ፕሮግራሞች ሙሉ ቁጥር ይሉታል፤ ወዲያው የፊቱ ዜሮ ይጠፋል፣ ስልኩም አይደወልበትም። አማርኛ ራሱ እዚህ ላይ ያዘናጋል። ቁጥር የሚለው ቃል ከመቁጠር የወጣ ነው፤ የስልክ ቁጥርን፣ የቤት ቁጥርን፣ የመታወቂያ ቁጥርን ግን ማንም አልቆጠረበትም። እነዚህ አኃዝ የለበሱ ስሞች ናቸው። ልዩነቱ የሚገለጠው ዋጋዎቹ ምን እንደሚደረጉ ሲጠየቅ ነው። ሁለት ደመወዝ ተደምሮ ትርጉም ይሰጣል፤ የሁለት ስልክ ድምር የማንም ስልክ አይደለም። አርስቶትል «ምን ያህል ነው» የሚለውን ጥያቄ «ምን ነው» ከሚለው ለይቶ ማስቀመጡ ለዚህ ጉዳይ ከብዙ አዳዲስ መመሪያዎች የተሻለ ይጠቅማል።

ቀን ደግሞ ከስልክም የባሰ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ ፋይል ላይ 30/02/2016 ተብሎ ቢገኝ ጥቅምት 30 ነው፤ በጎርጎርዮሳዊው ካላንደር ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ፕሮግራሙ አልቀበልም ይላል። ይህ እድለኛ ስህተት ነው፤ ሰው ይጠራል። 01/01/2016 ግን ያለ አንድ ማስጠንቀቂያ ጃንዋሪ 1፣ 2016 ሆኖ ይገባል፤ በእውነቱ እንቁጣጣሽ ነው፣ በጎርጎርዮሳዊው ሴፕቴምበር 12፣ 2023። ጳጉሜን 5፣ 2015 በ05/13/2015 ሲጻፍም አሥራ ሦስተኛ ወር የማያውቀው ማሽን ወርን በሚያስቀድመው የአሜሪካ አጻጻፍ አንብቦ ሜይ 13 ሊያደርገው ይችላል። አኃዞቹ አልተለወጡም፤ ፋይሉም አልዋሸም። የጎደለው ካላንደሩ ነበር፤ ካላንደሩም በጸሐፊው ቤት እንጂ በፋይሉ ውስጥ አልነበረም።

ታዲያ ዓይነት ሙሉ በሙሉ የአንባቢው ፈጠራ ነው ማለት ነው? ይህም ይበዛል። ፕላቶ ፋይድሮስ በተባለው ንግግሩ ጥሩ አሳቢ ነገሮችን በተፈጥሮ መገጣጠሚያቸው ይለያል፤ እንደ ክፉ ሥጋ ቆራጭ አጥንት አይሰብርም ይላል። የአበሻ ወጥ ቤት ለዚህ የተሻለ ምሳሌ አለው። ዶሮ በወጉ 12 ብልት ይወጣላታል። መገጣጠሚያው በዶሮዋ ላይ ነው፤ ቢላዋው ሲያገኘው ያለ ትግል ያልፋል፣ ሲስተው ይንገራገጫል። አሥራ ሁለት የሚለው ግን በዶሮዋ ላይ አልተጻፈም፤ የባለሙያዋ ወግ ነው። በሌላ አገር ያቺኑ ዶሮ በስምንት ይቆርጧታል፣ እነሱም አጥንት አልሰበሩም። የዓምድ ዋጋዎች ሁሉ አሥር አኃዝ መሆናቸው፣ አንዱ ዓምድ ሳይደጋገም መሄዱ፣ ሌላው ከአራት ቃላት ውጭ አለማወቁ እውነተኛ መገጣጠሚያ ነው፤ ማሽን በደንብ ያገኘዋል፣ አንዳንዴም ከሰው ይበልጣል። ያ አሥር አኃዝ ስልክ ነው፣ ያ የማይደጋገም ዓምድ መለያ ነው፣ አራቱ ቃላት የጋብቻ ሁኔታ ናቸው ማለት ግን የወግ ነገር ነው።

አልፎ አልፎ ደግሞ ግምቱ ዓለምን ይለውጣል። ኤክሴል «ሴፕት2» እና «ማርች1» የሚባሉ የሰው ጂኖችን ስም በእንግሊዝኛው አሕጽሮት ምክንያት ሴፕቴምበር 2 እና ማርች 1 እያለ ወደ ቀን ይቀይራቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት በኤክሴል የጂን ዝርዝር አባሪ ካደረጉ የሳይንስ ጽሑፎች ከአምስት አንዱ ያህል እንዲህ ያለ ስህተት እንዳለበት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2020 የጂን ስያሜ የሚወስነው ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ስሞቹን ቀየረ፤ የመጀመሪያው «ሴፕቲን2» ሆነ። ፕሮግራሙ ስለ ጂን አንዳች ሳያውቅ ጂን ስሙን ለቀቀለት።

ባዶ ቦታ ሌላው ወጥመድ ነው። በሁለት ኮማ መካከል ምንም ከሌለ ዋጋው አይታወቅም፣ ለዚህ ሰው አይመለከተውም፣ ወይስ ሆን ተብሎ ባዶ ተትቷል? ሦስቱም በፋይሉ ላይ አንድ መልክ አላቸው። ፓንዳስ የተባለው የመረጃ መተንተኛ መሣሪያ በነባሪ አሠራሩ አንድ ባዶ ቦታ ያለበትን የሙሉ ቁጥር ዓምድ በሙሉ ነጥብ ወዳለበት ቁጥር ይቀይረዋል፤ ሦስት ልጅ ያለው አባት 3.0 ልጅ ይኖረዋል። የሌለው ነገር ያሉትን ለወጠ።

ልምድ ያላቸው ሰዎች ግምቱን እንደ ረቂቅ ውል ያዩታል። መጀመሪያ ሁሉንም ዓምድ በጽሑፍ አስገብተው ዜሮውንም ስላሹንም እንደነበረ ያቆያሉ፤ ማሽኑ ያቀረበውን ዓይነት ዓምድ በዓምድ ፋይሉን ለሞላው ሰው አሳይተው ያስፈርማሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ፋይል በተፈረመው ውል ይዳኛል እንጂ ውሉ በየቀኑ እንደ አዲስ አይገመትም። ከውሉ ጋር የማይገጥም ረድፍ ሲመጣም አይጣልም። አፓቼ ስፓርክ ለምሳሌ ሊያነበው ያልቻለውን መዝገብ ጥሬውን እንዳለ ለብቻው ዓምድ ሊያስቀምጠው ይችላል። የዚያ ዓምድ ስም በእንግሊዝኛ «የተበላሸ መዝገብ» ማለት ነው፤ የተበላሸው ረድፉ ይሁን ግምቱ ግን ስሙ አይለይም።