ሕያው ተክልን መከርከም ይገባልን?

ሰው ለዓይኑ ደስታ ሲል በሕያው ፍጥረት ላይ መቀስ ቢያነሣ ፍቅር ይባላል ወይስ ጭካኔ? ጥያቄው ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አንባቢ ሆይ፣ በመስኮቱ አጠገብ የአፍሪካ ቫዮሌትን፣ በደጁም ቦንሳይን የሚያሳድግ ሰው ሁልጊዜ ይገጥመዋል። ልጅን ወይም ደቀ መዝሙርን የሚገሥጽም ሰው ከዚህ አያመልጥም።

የአፍሪካ ቫዮሌት የተባለችው ትንሽ አበባ በዛሬዪቱ ታንዛንያ፣ በኡሳምባራ ተራሮች፣ ጥላና እርጥበት ባለበት በዓለት ስንጥቅ የምትበቅል ናት። በ1892 ዓ.ም. (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እጽፋለሁ) ቫልተር ፎን ሳን ፖል የተባለ የጀርመን ሹም አግኝቶ ወደ አባቱ ላካት፤ በማግሥቱም ዓመት የዕፀዋት ሊቅ ሄርማን ቬንድላንድ ስም አወጣላት። ቦንሳይ ግን የአንድ ተክል ስም አይደለም፤ ጥበቡ ከቻይና ተነሥቶ በጃፓን የተስፋፋ ሲሆን፣ ይኸውም ትልቅ ሊሆን የሚችለውን ዛፍ ሥሩንና ቅርንጫፉን እየከረከሙ በጠባብ ሸክላ ማኖር ነው።

የምንከረክመው ለተክሉ ጥቅም ነው የሚሉ አሉ። ይህ ግማሽ እውነት ነው። የደረቀውንና የታመመውን ቅጠል ማንሣት ቫዮሌቲቱን ይጠቅማታል፤ በጎኗ የሚያቈጠቍጠውን ቡቃያ መንቀል ግን ቅጠሎቿ በክብ ተደርድረው እንዲታዩ ለእኛ ለተመልካቾች ነው፤ በተራራዋ ላይማ ማንም አይነቅልባትም። ጥዱም ድንክ ልሁን ብሎ አልለመነም። እንግዲህ ደስታው የእኛ ከሆነ ዕዳውም የእኛ መሆኑን መቀበል ይገባናል። በሜዳ ያለ ዛፍ ውኃ ቢያጣ ሥሩን ወደ ጥልቅ ይሰዳል፤ ሥሩ ተቈርጦ በሸክላ የታሰረው ግን ወዴት ይሄዳል? በሐሩር ወራት ጥቂት ቀን ቢረሱት ይሞታል።

ደግሞም ሁለቱን በአንድ ዓይነት እጅ መያዝ አይቻልም። ከቫዮሌት የተቈረጠ ቅጠል ከነአገዳው በእርጥብ አፈር ቢተከል ሌላ ቫዮሌት ይሆናል። መርፌ የመሰለው ቅጠሉ ሁሉ ተወግዶ ባዶ የቀረ ያረጀ የጥድ ቅርንጫፍ ግን እንደ ገና ማቈጥቈጡ እጅግ አጠራጣሪ ነው። እርስዋ ብርድ አትችልም፤ ቀዝቃዛ ውኃ እንኳ ቅጠሏ ላይ ቢያርፍ ነጠብጣብ ይተውባታል፤ የጃፓን ጥድ ግን ያለ ብርድ ወራት ደኅና አይሆንም። ቅርንጫፉን ለማጕበጥ የሚጠመጠመውም ሽቦ በጊዜው ካልተፈታ ቅርፊቱ ውስጥ ገብቶ ለብዙ ዘመን የማይጠፋ ጠባሳ ያወጣል። በሕፃንነቱ ያስፈለገው ማሰሪያ ከጐለመሰ በኋላም ያልተፈታለት ልጅ ስንት ይሆን! መምህራን ለማሰር ፈጣኖች፣ ለመፍታት ግን ዘገምተኞች ናቸው።

የከርካሚው ዕዳ እስከ ምን ድረስ እንደሚዘልቅ ለማየት፣ በዋሺንግተን በአሜሪካ ብሔራዊ የዕፀዋት መካን የሚገኘውን ከ1625 ዓ.ም. ጀምሮ የተገራ የጃፓን ነጭ ጥድ መመልከት ይበቃል። በ1945 ዓ.ም. በሂሮሺማ ላይ የአቶሚክ ቦምብ ሲጣል፣ ቦምቡ ከወደቀበት 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በግንብ ተከልሎ ስለ ነበረ ተረፈ። ባለቤቱ ማሳሩ ያማኪ በ1976 ዓ.ም. ለአሜሪካ ሕዝብ ሰጠው። ከዚያ እሳት መትረፉን በዚያ ያሉት ጠባቂዎች የተረዱት የያማኪ የልጅ ልጆች በ2001 ዓ.ም. ሊጐበኙት በመጡ ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ 25 ዓመት ታሪኩን ሳያውቁ ውኃ ሲያጠጡት ኖረዋል።