ብቻውን የሰማ

አንድ የጆሮ ማዳመጫ አራት ሺህ ዶላር ሊያወጣ ይገባል ወይ ብሎ መጠየቅ የቴክኒክ ጥያቄ ይመስላል። ግማሹ እውነትም ቴክኒክ ነው። እኔን ያስቸገረኝ ሌላው ግማሽ ነው፦ ለአንድ ሰው ብቻ ለሚሰማ ነገር ይህን ያህል ገንዘብ ማፍሰስ ነውር ነው? ነውር ከሆነስ ነውሩ ያለው ከገንዘቡ ብዛት ላይ ነው ወይስ «ብቻ» ከምትለዋ ቃል ላይ?

ነገሩን ያመጣብኝ አንድ ወዳጄ ነው። ውጭ አገር ሠርቶ ሲመለስ ስቴልዝ የሚባለውን ሄድፎን ይዞ መጣ፤ ዳን ክላርክ ኦዲዮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው፣ ጀርባው የተዘጋ ዓይነት ነው። የመደብር ዋጋው አራት ሺህ ዶላር። የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ከ400 ሺህ ብር በላይ ማለት ነው። ከስልክ ጋር ብቻ አይሆንም፤ ኃይል የሚሰጠው ማጉያ ይፈልጋል። ሁለቱንም ለሁለት ሳምንት አዋሰኝ። እኔም ከጎኑ የራሴን ሶኒ ኤምዲአር-7506 አስቀመጥኩ። እሱም ዝግ ነው፤ ከ1991 ጀምሮ ሳይለወጥ የሚሸጥ፣ ዋጋው መቶ ዶላር አካባቢ የሆነ፣ ስቱዲዮ የገባ ሰው ሁሉ በሰማያዊ መስመሩና በተጠቀለለ ገመዱ የሚያውቀው የሥራ ዕቃ።

ዝግ ሄድፎን ለምን ይከብዳል? ድምፅ የሚያወጣው ስስ ገለፈት አየሩን ወደ ጆሮ ሲገፋ በዚያው ቅጽበት ወደ ኋላም ይገፋል። ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ያንን የኋላ ድምፅ ለክፍሉ አየር ይለቅቀዋል፤ ጣጣው ያልቃል። ዝጉ ግን ከነጣጣው ይዞት ይቀራል። ድምፁ ግድግዳውን መትቶ ይመለሳል፣ ዘግይቶ ጆሮ ይደርሳል፣ ከፊተኛው ጋር ይደባለቃል። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የዘፈነ ሰው ያውቀዋል። እንግዲህ የዚህ ዕቃ ታሪክ ግድግዳውን የማስረሳት ታሪክ ነው። ሶኒ በ1989 ኤምዲአር-አር10 ለተባለው ሄድፎኑ ሽፋኑን ከጃፓን የኬያኪ እንጨት ፈልፍሎ ሠራ። ስቴልዝ ደግሞ በገለፈቱና በጆሮው መካከል ርዝመታቸው የተለያየ ጥቃቅን ቦዮች ያሉት ክፍል አስገባ፤ እያንዳንዱ ቦይ አንድ አስቸጋሪ ድምፅ ይውጣል። አራት ሺህ ዶላር የምትከፍለው፣ በአጭሩ፣ የሌለ ለሚመስል ግድግዳ ነው።

ታዲያ ይሰማል? በበገና ፈተንኩት። ኢትዮፒክስ ከተባለው ተከታታይ ቅጂ 11ኛው የዓለሙ አጋ በገና ነው። በገና ዐሥር አውታር አለው፤ የሚነዝረው ድምፁ የሚመጣው ደግሞ በአውታሩና በመቀመጫው መካከል ከሚገባው እንዚራ፣ ከትንሿ የቆዳ ቁራጭ ነው። መጥፎ ሄድፎን ላይ ያ ንዝረት ብልሽት ይመስላል፤ ልጆች «ስፒከሩ ተቀዷል» የሚሉት ዓይነት። በሶኒው ንዝረቱ ንዝረት ነው፤ ግልጽ ነው፤ እንዲያውም ትንሽ ይዋከባል። በስቴልዙ አውታሩ ሲመታ፣ ንዝረቱ ሲነሣ፣ ከዚያ ሲከስም፣ ሦስቱም ለየብቻቸው ይሰማሉ። ከአውታሩ ጀርባ የዘማሪው ትንፋሽ አለ። እስከዚያ ድረስ ትንፋሹን ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ከሰማሁት በኋላ ግን ወደ ሶኒው ተመልሼ ፈለግሁት፣ አገኘሁትም። ይህን ልብ በሉልኝ። ውዱ ዕቃ ያሳየኝን ርካሹም ይዞት ነበር፤ ውዱ ጣቱን ቀሰረበት እንጂ።

ልዩነት የለም የሚሉ ሰዎች በደንብ አላዳመጡም። የሰማይና የምድር ያህል ነው የሚሉት ደግሞ ከፍለውበታል። በ2017 የሮን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ የ283 ሄድፎኖችን ልኬት ከዋጋቸው ጋር አስተያይቶ፣ ቀጭኑንና ወፍራሙን ድምፅ በምን ሚዛን እንደሚያወጡ በሚያሳየው ልኬትና በዋጋቸው መካከል ዝምድና እንዳላገኘ ጽፏል። ያ ልኬት ሁሉንም ነገር አይለካም፤ የትራሱን ምቾት፣ የዕቃውን ዕድሜ፣ ያንን የቦይ ጥበብ ሁሉ አይነካም። ቢሆንም «ውድ ስለሆነ ጥሩ ነው» የሚለውን አፍ ያስይዛል። በእኔ ጆሮ ስቴልዝ ከሶኒው ይሻላል፤ አርባ እጥፍ ግን አይሻልም። አርባ እጥፍ የሚሻል ድምፅ ምን እንደሚመስልም ማሰብ አይቻለኝም።

አሁን ወደ ነውሩ። ወዳጄ ዋጋውን ለዘመዶቹ በነገራቸው ቀን ቤቱ ዝም አለ። «በዚህ ብር ስንት ሰው ይታከምበት ነበር» ያሉት አጎቱ ናቸው። ክርክሩ የዋዛ አይደለም፤ ፈላስፋው ፒተር ሲንገር በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ በሥርዓት አስቀምጦታል። ኩሬ ውስጥ የሚሰጥም ሕፃን ካየህ ልብሴ ይቆሽሻል ብለህ አታልፈውም፤ ርቀት ደግሞ ግዴታውን አይሽረውም። ለዚህ ክርክር በቂ መልስ አለኝ አልልም። ግን አጎትየው ራሳቸው ባለፈው ጥር ልጃቸውን ሲድሩ ከዚያ እጥፍ አውጥተዋል፤ ድንኳን፣ ሁለት ሰንጋ፣ ቪዲዮ ቀራጭ፣ የማይነዳ ሊሞዚን። (ሊሞዚኑ ቀበሌው ቅያስ ላይ መታጠፍ አቅቶት ሙሽሮቹ በእግራቸው ነው የገቡት።) በዚያ ቀን ስለሚታከም ሰው ያነሣ አልነበረም። እኔም በልቼ ጠጥቼ ነው የመጣሁት።

ስለዚህ እኛ የምንቆጥረው ብሩን አይመስለኝም። ብዙ ሰው ከበላበት ብክነት ብክነት አይባልም፤ አንድ ሰው ከሰማበት ግን ቅምጥ ይሆናል። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባላል። ተረቱን አከብረዋለሁ፤ ለምግብ የተተረተ ነው፤ እንጀራ እኔ ስበላው ላንተ ይጎድላል። ድምፅ ግን እኔ ስሰማው ከማንም አይጎድልም። ደግሞም ብቻ መስማት እንግዳ ነገር አይደለም። ያው በገና ራሱ ለጭፈራ አልተሠራም። በዐቢይ ጾም ሰው ቤቱ ተቀምጦ ለራሱና ለፈጣሪው የሚደረድረው ነው፤ ማንም ያንን ሰው ስስታም ብሎት አያውቅም።

እንዲያውም ከዝግና ከክፍት ሄድፎን የትኛው ራስ ወዳድ ነው ብትሉኝ ክፍቱ እላለሁ። የድምፅ ወዳጆች ክፍቱን ያስቀድማሉ፤ አየር አለው፣ ሰፊ ነው ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ግን ክፍት ሄድፎን የምታዳምጠውን ሁሉ ለጎረቤት ያወጣል፣ የጎረቤትንም ያስገባል። እሱን በደንብ ለመስማት ጸጥ ያለ ባዶ ክፍል ሊኖርህ ይገባል። ባዶ ክፍል ደግሞ በአዲስ አበባ ኪራይ ከሄድፎኑ ይወደዳል። የእኔ ግድግዳ ጎን ማታ ማታ የምታጠና ተማሪ አለች፤ በሌላው በኩል ሕፃን አለ። ዝግ ሄድፎን ከሰው ጋር የሚኖር ሰው ዕቃ ነው።

ይህን ስል ግን ሌላው ወገን ይጎረብጠኛል። ሶኒ በ1979 የመጀመሪያውን ዎክማን ሲያወጣ ሁለት የሄድፎን መሰኪያ ነበረው፤ ከዚያም ላይ ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ ሁለቱን አድማጮች በማይክሮፎን የሚያነጋግር ብርቱካናማ ቁልፍ። የኩባንያው መሥራች አኪዮ ሞሪታ ብቻውን የሚያዳምጥ ሰው ባለጌ እንዳይመስል ሰግተው ነው ያስጨመሩት። ቁልፉ ብዙ አልቆየም፤ ተከታዮቹ ሞዴሎች ጣሉት። ሰዉ የፈለገው ብቻውን መስማት ነበር። ሞሪታ የሰጉት ስጋት ግን ከቁልፉ ጋር አልተጣለም፤ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሦስት ጊዜ «ሒሳብ!» ብሎ የማይሰማውን ወጣት ሳይ፣ ያ ወጣት አንዳንዴም እኔ ስሆን፣ ትዝ ይለኛል።

የወዳጄ እናት አንድ ቀን «እስቲ አሰሙኝ» አሉ። በነጠላቸው ላይ ደረብንላቸው። ጨርቁ በትራሱና በጆሯቸው መካከል ገባና አየር አሾለከ፤ ዝግ ሄድፎን ደግሞ ትንሽ ቀዳዳ ካገኘ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋበታል። የአራት ሺህ ዶላሩ በገና እንደ ትንኝ ጮኸ። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው በትክክል ሲገጥምላቸው ዝም ብለው ቆዩ፤ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ሲያወልቁ «ድምፁስ መልካም ነው» አሉ፤ «ግን እናንተ የት ሄዳችሁ?»

ከዚያ ወዲህ ወዳጄ አንዱን መሰኪያ ለሁለት የምትከፍል ትንሽ ዕቃ ከመርካቶ ገዛ፤ አብረን እንስማ አለ። የእኔን ሶኒና የእሱን ስቴልዝ በአንድ ማጉያ ላይ ሰካን። አልሆነም። ስቴልዝ ብዙ ኃይል ስለሚፈልግ እሱ በወጉ መስማት ሲጀምር የእኔ ጆሮዬን ሊያፈርጠው ደረሰ፤ ለእኔ ሲቀነስ ለእሱ ሹክሹክታ ሆነ። አሁን በየተራ ነው የምንሰማው። አንዱ ሲያዳምጥ ሌላው ቡና ያፈላል።